ፎቶውን አሸዋ ያደረገው አይኤስኦ አይደለም

ሰሞኑን ስለ ኖይዝ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በፎቶ አንሺዎች መካከል ሲዞር ሰነበተ። ኖይዝ ለማያውቅ ሰው፣ ጨለማ ውስጥ በተነሳ ፎቶ ላይ የሚታየው አሸዋ የተበተነበት የሚመስል ነጠብጣብ ነው። አንዳንዴ ግራጫ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ቀይና አረንጓዴ ሆኖ የሙሽራው ጥቁር ሱፍ ላይ ይርመሰመሳል። ጽሑፉ ይህን ለማጥፋት ስምንት ምክር ይሰጣል። አንብቤ ዝም ልል ነበር። ሰው የመሰለውን ጻፈ፣ ምን አገባኝ? ግን አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ምክሩን አምኖ ሥራ ላይ አዋለው፣ ያውም ሰንዳፋ፣ በሰው ሰርግ ላይ። ስለዚህ አገባኝ።

ጸሐፊውን አላውቃቸውምና አንቱ እያልኩ እቀጥላለሁ። በዕድሜ ከኔ ካነሱም ችግር የለውም፣ አንቱታ ገንዘብ አያስወጣም። እኔ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ሥራዬም አብዛኛውን ጊዜ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ ገላን፣ ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ፣ ሲቀና ሱሉልታ። ባለ አዳራሽ ደንበኛ ብዙም አይመጣልኝም። የኔ አዳራሽ ድንኳን ነው። መብራቱም ያው መብራት ነው፣ ይመጣል ይሄዳል። ኖይዝን የማውቀው እንግዲህ እንደ ጎረቤት ነው።

የመጀመሪያው ምክራቸው አይኤስኦ፣ ማለትም ካሜራው ምልክቱን ምን ያህል እንደሚያጎላ የሚወስነው ቁጥር፣ ከ400 በላይ በፍጹም አይውጣ የሚል ነው፤ ኖይዝን የሚፈጥረው አይኤስኦ ስለሆነ። ጽሑፉ በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው፣ እኔም እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ነገሩን ገልብጠው ነው የያዙት። አይኤስኦ ከፍ ያለበት ፎቶ ላይ ኖይዝ ይታያል፣ ማንም አይክድም። ግን አይኤስኦን ከፍ የምናደርገው መቼ ነው? ብርሃን ሲያጥረን ነዋ! ጃንጥላ በተዘረጋ ቁጥር ዝናብ አለና ዝናቡን ያመጣው ጃንጥላው ነው ብሎ እንደመደምደም ነው።

ሐምሌ ላይ ግቢያችሁ ውስጥ አሥር ባዶ ጣሳ ደርድሩ። ካፊያ ከሆነና ቶሎ ካነሳችኋቸው አንዱ ጣሳ ውስጥ ሦስት ጠብታ ታገኛላችሁ፣ አጠገቡ ባለው ሰባት። ሰማዩ አንድ፣ ደመናው አንድ፣ ጣሳዎቹም አንድ ዓይነት፣ ግን እኩል አልደረሳቸውም። ዶፍ ሲሆን ግን ሁሉም ሞልተው ታገኟቸዋላችሁ፤ ልዩነት ቢኖርም በዐይን አይለይም። ብርሃንም የሚመጣው እንዲሁ በጠብታ ነው። ጠብታው ፎቶን ይባላል፣ ጣሳዎቹ ደግሞ ሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃኑን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል፣ ላይ ያሉት ጥቃቅን ነጥቦች፣ ፒክሰሎች፣ ናቸው። ሒሳቡም ቀላል ነው፤ ወዲያና ወዲህ የሚለው መጠን የጠብታው ብዛት ስኩዌር ሩት ያህል ነው። 100 ፎቶን የደረሰው ፒክሰል በ10 ገደማ ይዋዥቃል፣ ይሄ 10 በመቶ ነው። 10,000 የደረሰው በ100 ይዋዥቃል፣ እሱ ግን 1 በመቶ ብቻ ነው። አንድ ግድግዳ በሙሉ እኩል ግራጫ መሆን ሲገባው አንዱ ነጥብ ትንሽ ጠቆር፣ አንዱ ትንሽ ነጣ ሲል የምናየው አሸዋ ይሄው ነው። የካሜራ ጥራት ጉድለት አይደለም፣ የብርሃን የራሱ ጠባይ ነው። የፈለገውን ያህል ውድ ካሜራ ብትገዙ አታመልጡትም። ኖይዙን በግማሽ ለመቀነስ ብርሃኑን አራት እጥፍ ማድረግ አለባችሁ፣ አለቀ።

አይኤስኦ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሴንሰሩ የሰበሰበውን ምልክት ማጉያ እንጂ ሴንሰሩን የበለጠ ብርሃን የሚያስጠጣ ነገር አይደለም። ሞንታርቦ አስቡ። ዘፋኙ ከማይኩ ርቆ ካንሾካሾከ ድምፁን ብትጨምሩለት አብሮ ሽሽታው፣ ያ ሽሽ የሚለው ድምፅ፣ ይመጣል። ሽሽታውን የፈጠረው ግን የሞንታርቦው ቁልፍ አይደለም፣ ዘፋኙ ወደ ማይኩ አለመጠጋቱ ነው።

እንዲያውም እሳቸው ጭራሽ ያልጠበቁት ነገር ልንገራቸው። ካሜራው ራሱ ምልክቱን ሲያነብና ወደ ቁጥር ሲቀይር የሚጨምረው ሌላ ኖይዝ አለ። ከሱ ውስጥ የተወሰነው የሚገባው ከማጉያው በኋላ ነው። ስለዚህ ምልክቱ ቀድሞ ከጎላ ከዚያኛው ኖይዝ በላይ ይወጣል። ትርጉሙ ምን መሰላችሁ፣ ሹተሩ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) እና አፐርቸሩ (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ካልተቀየሩ፣ በተለይ አሮጌ ካሜራ ላይ፣ ከፍ ያለው አይኤስኦ ከዝቅተኛው የጠራ ፎቶ ይሰጣል። ልብ በሉ፣ ሹተሩና አፐርቸሩ ካልተቀየሩ ነው ያልኩት። አይኤስኦ ከፍ ሲል የምትከፍሉት ዋጋም አለ። በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ለነጭ ነገር የሚቀረው ቦታ በግማሽ ይቀንሳል፤ እናቶች የለበሱት ነጠላ ቶሎ ይቃጠላል። ከቃጠሎ መጠንቀቅ ብለው ቢጽፉ ኖሮ አጨበጭብላቸው ነበር።

ሁለተኛው ምክር የመጀመሪያው ልጅ ነው። አይኤስኦ 400 ላይ ሆናችሁ ፎቶው ቢጨልምም ችግር የለም፣ ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ታነሱታላችሁ፣ ማለትም ታደምቁታላችሁ ይላሉ። ሰንዳፋ ላይ የሆነው ይሄው ነው።

ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ሄደ። ጄኔሬተር ተነሳ፤ ለዚያ ሁሉ ድንኳን ሁለት ቢጫ አምፖል ተንጠለጠለ። እኔ ሙሽሮቹ ጋ ነበርኩ፣ ልጁ ደግሞ የቤተሰቡን ምርቃት እንዲያነሳ ወደ ጓዳው በኩል ልኬዋለሁ። በኋላ ካሜራውን ሳየው ስክሪኑ የተዘጋ መስሎኝ ነበር። አይኤስኦ 400፣ አፐርቸር ኤፍ 5.6፣ ሹተር 1/100 ሰከንድ። «ምን ሆነህ ነው?» አልኩት። «ጋሼ አታስብ፣ ቤት ገብተን አነሳዋለሁ» አለኝ፤ ልበ ሙሉነቱ ያስቀና ነበር። ቤት ገብተን አነሳነው። አምስት ስቶፕ ያህል ነው የጎደለው፤ አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነውና ብርሃኑ 32 ጊዜ መባዛት ነበረበት። ሲባዛ አብሮ የወጣውን አሸዋ ለሕንፃ ሥራ ማዋል ይቻላል። ጥቁሩ ሁሉ ወይን ጠጅ ሆነ፣ የአባትየው ኮት ላይ ደግሞ ልብሱ ላይ ያልነበረ መስመር ወጣበት።

እንግዲህ እዚያው ቦርሳው ውስጥ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ነበረው። ከኤፍ 5.6 ወደ ኤፍ 1.8 ሲከፈት የሚገባው ብርሃን አሥር እጥፍ ያህል ይሆናል። ይህችን አድርጎ አይኤስኦን 1600 ላይ ቢተወው ምንም ማንሳት ባላስፈለገው ነበር። ከዚያ ሁሉ ኖይዝ ላይ ትልቁን የሚቀንሰው አይኤስኦው ሳይሆን ያቺ ርካሽ ሌንስ ናት፣ ምክንያቱም ጠብታውን ያበዛችው እሷ ናት።

በማግስቱ ሙከራ አደረግንላት። ጠረጴዛ ላይ ጀበና፣ አጠገቧ አንድ ሻማ፣ ካሜራው ትራይፖድ ላይ። ሹተሩንም አፐርቸሩንም ሳንነካ አንዱን በ400፣ ሌላውን በ3200 አነሳን። ከዚያ የ400ውን ሦስት ስቶፕ አንስተን ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። ልጁ ዝም አለ። ጥላው ውስጥ የጀበናዋ እጀታ በ3200 ፎቶ ላይ ይታያል፣ በ400ው ላይ ግን አሸዋ በልቶታል። አዲስ ካሜራ ያላችሁ ስትሞክሩት ሁለቱ እኩል ሊሆኑባችሁ ይችላል፤ የአንዳንዱ አዲስ ሴንሰር የማንበብ ኖይዝ በጣም ትንሽ ስለሆነ ነው። እኩል ሆኑ ማለት ግን 400ው አሸነፈ ማለት አይደለም።

ሦስተኛው ምክር ሜጋፒክሰል (በሚሊዮን የሚቆጠረው የፒክሰል ብዛት) ሲበዛ ኖይዝ ይበዛል፣ ስለዚህ የድሮ 12 ሜጋፒክሰል ካሜራ ፈልጉ የሚል ነው። በአጭሩ፣ አይደለም። አንዱን ፒክሰል ለብቻው አጉልታችሁ ካያችሁ ትንሿ የበለጠ ትዋዥቃለች። ሁለቱን ፎቶ በአንድ መጠን ስታትሙ ግን ልዩነቱ ይጠፋል ለማለት ይቻላል። ከቁጥሩ ይልቅ የሴንሰሩ ስፋት ነው ወሳኙ። ፉልፍሬም የሚባለው ትልቁ ሴንሰር 36 በ24 ሚሊሜትር ነው፣ ብዙዎቻችን የያዝነው ክሮፕ ሴንሰር ደግሞ 23.5 በ15.6 ገደማ፤ በስፋት ከሁለት እጥፍ በላይ ልዩነት አለ። ሰፊ ጣሪያ ብዙ ዝናብ ይሰበስባል፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

አራተኛው ላይ ሳቄ መጣ። አንዳንድ አዳራሽ ውስጥ ፎቶና ቪዲዮ ላይ የሚመጣውን ጥቁር አግድም መስመር «የመብራት ኖይዝ» ብለው ሰይመውታል፤ መፍትሔውም የኖይዝ ማጥፊያ ሶፍትዌር ነው ይላሉ። ኧረ ይሄ ኖይዝ አይደለም! የኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው። አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላል፣ ዐይናችን አይከተለውም እንጂ። ርካሽ ኤልኢዲ ላይ በጣም ይብሳል። ሹተራችሁ 1/250 ከሆነ አንዱ የሴንሰሩ ክፍል መብራቱ ደምቆ፣ ሌላው ፈዝዞ እያለ ያነባል፤ መስመሩ ያ ነው። 1/100 ወይም 1/50 አድርጉት፣ ይጠፋል። ጄኔሬተር ላይ ከሆናችሁ ፍጥነቱ ከ50 ሊዛነፍ ስለሚችል ከፍ ዝቅ አድርጋችሁ ስክሪኑ ላይ እዩት። አንድ ብር አያስወጣም። ይሄን በሶፍትዌር ሊያጠፋ የሚታገል ሰው ሌሊቱን ሙሉ ይታገላል።

አምስተኛው ጄፔግ (ካሜራው ራሱ አስተካክሎ የሚያስቀምጠውን ፋይል) አንሱ፣ ሮው (ሴንሰሩ ያነበበውን ሳይነካ የሚያስቀምጠውን) አትንኩ፣ ጄፔጉ የበለጠ ንጹሕ ነው የሚል ምክር ነው። እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አላቸው። ጄፔጉ ንጹሕ የሚመስለው ካሜራው ራሱ አጥቦ ስለሚሰጣችሁ ነው። ግን ምን አጠበ? የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ቀረብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ክር በክር የተሠራ ነው። ካሜራው ያቺን ቀጭን ክር ከኖይዝ ለይቶ አያውቅም፤ ሁለቱም ለሱ ትንንሽ ነጠብጣብ ናቸው። ሁለቱንም ያጥባል። ሸማኔው ስንት ቀን የለፋበት ጥለት በፎቶው ላይ በማርከር የተሰመረ ይመስላል። ሮው ብታነሱ ግን ውሳኔው የእናንተ ነው። 8 ቢት የሆነው ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ አለው፣ 14 ቢት ሮው 16,384። ጥላውን ለማንሳት ስትሞክሩ ልዩነቱ ያኔ ይገባችኋል።

ሮው ይዛችሁ ስትቀመጡ ደግሞ ሁለቱን ኖይዝ ለዩ። ባለ ቀለሙን፣ ቀይ አረንጓዴ የሚርመሰመሰውን፣ ያለ ርኅራኄ አጥፉት፤ ብዙም የሚጎዳው ነገር የለም። ግራጫውን ግን ቀስ፣ ትንሽ ቢቀር ይሻላል። ቢጫ አምፖል ሥር ወይም ሻማ ሥር የቀለሙ ኖይዝ ለምን እንደሚብስ ጸሐፊው አንድ ቃል አልተነፈሱም። እኔ ግን የትንሣኤ ሌሊት ጧፍ በተያዘበት ያነሳሁትን ሁሉ ያበላሸብኝ እሱ ነው። ቢጫ ብርሃን ውስጥ ሰማያዊ የለም ማለት ይቻላል። ሴንሰሩ ላይ ደግሞ ግማሹ ፒክሰል አረንጓዴ፣ ሩቡ ቀይ፣ ሩቡ ብቻ ሰማያዊ ነው። ካሜራው ነጩን ነጭ ለማድረግ ያችን ጥቂት ሰማያዊ እጥፍና ከዚያ በላይ ያባዛታል፣ አብሮ ኖይዟም ይባዛል። ስለዚህ እንደዚያ ባለ ቦታ ፎቶውን በሙሉ ካላነጣሁ አትበሉ። ጧፍ ቢጫ ነው፣ ቢጫ ይሁን።

ስድስተኛው ካሜራ ሲሞቅ ኖይዝ ይጨምራል የሚለው ነው። ይሄ ልክ ነው። ሙቀቱ ከ6 እስከ 8 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ሴንሰሩ ከራሱ የሚያመነጨው የውሸት ምልክት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ግን ይሄ የሚያስጨንቀው ሹተሩን ለብዙ ሰከንድና ደቂቃ ከፍቶ የሚቆየውን ሰው ነው፣ ከዋክብት የሚያነሳውን። እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት ቴሌስኮፕ ያላቸው ሰዎች የካሜራ ሙቀት ቢያሳስባቸው አይፈረድባቸውም። የ1/100 ሰከንድ የሰርግ ፎቶ አንሺ ግን ካሜራውን በእርጥብ ፎጣ ሊጠቀልል አይገባም። አዎ፣ እርጥብ ፎጣ ብለዋል። እባካችሁ።

ሰባተኛው፣ ምንም ብታበላሹ አሁን ኤአይ አለ፣ ያስተካክለዋል። የኤአይ ጠላት አይደለሁም፣ እኔም እጠቀማለሁ። የኤአይ ኖይዝ ማጥፊያው አዶቢ ላይትሩም ውስጥ የገባው በሚያዝያ 2015፣ በፈረንጅ ሚያዝያ 2023 ነው፤ ከሱ በፊት ከጣልኳቸው ፎቶዎች ስንቱን ማዳን እችል እንደነበር ሳስብ ይቆጨኛል። ግን ሲወጣ የሚሠራው በሮው ፋይል ላይ ብቻ ነበር። ጸሐፊው አምስተኛ ላይ ሮው አትንኩ ብለውን ነበር አይደል? ሁለቱን ምክር አብሮ የተከተለ ሰው መሐል መንገድ ላይ ነው የሚቀረው።

ሌላም ነገር አለ። ኤአዩ የጠፋውን አያገኝም፣ ይገምታል። የሰንዳፋዋ ሙሽራ አያት አንገታቸው ላይ የቆየ ንቅሳት አላቸው፣ ፈዘዝ ያለ፣ መስመር መስመር የሆነ። ልጁ ያንን ጨለማ ፎቶ አድምቆ በኤአይ እስከ መጨረሻው ሲያጸዳው ንቅሳቱ ጠፋ። አንገታቸው የሃያ ዓመት ልጅ አንገት ሆነ። ማሽኑ ንቅሳትን ምን ብሎ ይወቀው፤ አሸዋ መስሎት ጠረገው። እኔም ሥራውን ሳየው ቁልፉን ወደ ሩብ አካባቢ መለስኩት፤ አሸዋው በከፊል ተመለሰ፣ አያትም አብረው ተመለሱ። ቀሪዎቹን ጥቁርና ነጭ አደረግናቸው። ባለ ቀለሙ ኖይዝ ቀለም ከሌለ የት ይታያል?

ቆሞ ለሚቆይ ነገር፣ ለኬክ፣ ለአዳራሽ ማስጌጫ፣ ከኤአይ የበለጠ ታማኝ መንገድ አለ፤ ያው ዕቃ በትራይፖድ አራት ጊዜ ይነሳና ፎቶዎቹ ፎቶሾፕ ላይ ተደርበው አማካያቸው ይወሰዳል። ኖይዙ በግማሽ ይወርዳል፤ በ16 ፎቶ ወደ ሩብ። ስልኮች በሌሊት የሚያደርጉት ነገር በመሠረቱ ይሄው ነው፤ አንዴ ስትጫኑ ብዙ ያነሱና ያዋህዱታል። ለሚጨፍር ሰው ግን አይሆንም፣ እስክስታ አራት ጊዜ አንድ ቦታ አይቆምም።

የመጨረሻው ምክር ነው የበለጠ ያናደደኝ። እዚያው ካሜራው ላይ እስከ 100 በመቶ አጉሉ፣ ኖይዝ ያለበትን ወዲያው ሰርዙ ይላሉ። ወዲያው! ልጁ ይቺንም ተግብሯታል። የምርቃቱን ፎቶ ግማሽ ያህሉን እዚያው ቆሞ ሰርዟል። መስማቴን አስታውሳለሁ፣ የተናገርኩትን ግን እዚህ አልጽፈውም። ካርዱን ወዲያው አውጥቼ ኪሴ ከተትኩት። የተሰረዘ ፎቶ ሌላ ፎቶ እስኪጻፍበት ድረስ ካርዱ ላይ ስለሚቆይ ሌሊቱን በማስመለሻ ፕሮግራም አብዛኛውን አወጣነው።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። የ24 ሜጋፒክሰል ፎቶ 6000 በ4000 ነው። የአልበም ገጻችን 20 በ30 ሳንቲሜትር ነው፤ በኢንች 300 ነጥብ ሲታተም የሚያስፈልገው 8 ሜጋፒክሰል ትንሽ አለፍ ያለ ነው። ማለትም ሦስት ፒክሰል ገደማ ወደ አንድ ይጨመቃል፣ ኖይዙም አብሮ ይጨመቃል። ቴሌግራም ላይ ስትልኩት ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ማንም ደንበኛ አልበሙን በአጉሊ መነጽር አያየውም። 100 በመቶ አጉልቶ ፎቶ የሚያይ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ሌላ ፎቶ አንሺ ነው።

አልበሙን ባለፈው ቅዳሜ ወሰድኩላቸው። የሙሽራዋ እናት ቡና እየተፈላ ገጽ በገጽ አዩት። ምርቃቱ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ እኔም ልቤ ቆመ። ያ ከካርዱ ላይ የተረፈ፣ ጥቁርና ነጭ ያደረግነው፣ አሸዋው አሁንም የሚታይበት ፎቶ ነው። ወደ መብራቱ ጠጋ አደረጉት። «ይሄ ወንድሜ» አሉ፣ «ምነው ዐይኑን ጨፈነ?»